ላስቲኩ ከኋላ ብቻ

ፋብሪካችን ውስጥ ሰው የሚጠራው በሚሰፋው ነው። እኔ ዚፕ ስለምገጥም «ዚፕ» ነኝ። ከቀኜ የምትቀመጠው ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሱሪና የጉርድ ወገብ ስትገጥም የኖረች ናትና «ወገቤ» ትባላለች። እኔ ዚፑን ጨርሼ ወደ እሷ እገፋለሁ፣ እሷ ወገቡን ትገጥማለች፣ ከዚያ በካውያ ወደሚተኩሱት ያልፋል። በቀን አምስት መቶ ወገብ በእጇ ይወጣል። ማን እንደሚለብሰው አታውቅም፤ የምታውቀው ቁጥሩን ነው።

ወገቤ ስትናደድ አትጮኽም። ዝም ትላለች፣ የስፌት መኪናዋ ግን ይፈጥናል። ካውያ የያዙት ሴቶች ክምሩ ፊታቸው ተራራ ሲሆንባቸው አንገታቸውን አስግገው «ዛሬ ደግሞ ማን ነካብን?» ይላሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሰኞ የሆነው ግን ከዚያ ሁሉ የተለየ ነበር። እስከ ምሳ ቀና አላለችም። መርፌ ሰበረች፤ እሷ መርፌ ስትሰብር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለምሳ ስንወጣ ግድግዳው ጥግ ተቀመጠችና የምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት፣ «የእማዬን ልብስ ሰጡባት» አለችኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ እናቷን ማወቅ አለባችሁ።

እናቷ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ሰፈሩ ግን ዛሬም «ቲቸር» እንጂ በሌላ ስም አይጠራቸውም። አለባበሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። ከጉልበት ዝቅ የሚል ልሙጥ ጉርድ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ፤ ከጎኑ ዚፕ፣ ከዚፑ በላይ ቁልፍ፣ ሸሚዙ ወደ ውስጥ የገባ። ከክፍል ሲወጡ ትከሻቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ ሊታይ ይችል ነበር፤ ጉርዳቸው ላይ ግን አንዲት መጨማደድ ያየ ተማሪ የለም ይላሉ።

ወገቤ የመጨረሻውን ፈተና ወድቃ ፋብሪካ ስትገባ ቲቸር አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። አንድ ቀን ሳህን እያጠቡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ የሰው ልጅ ሳስተምር የራሴ ልጅ አመለጠችኝ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዋ አንድ ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። በመጀመሪያው ዓመት ነጭ ሸሚዝ ሰፍታ ወስዳላቸው ነበር፣ ኮሌታው እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ የቆመ። እግዜር ይስጥልኝ ብለው ተቀበሏት፣ መሳቢያ ውስጥ አስገቡት። ከስንት ዓመት በኋላ መሳቢያውን ስትከፍት ሸሚዙ እሷ ባጠፈችው እጥፋት እንዳለ ቁጭ ብሏል፤ ስፒሉ እንኳ አልተነቀለም። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

ከዚያ ቲቸር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጅና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ንግግራቸውም ተሳሰረ፤ ቃሉን ያውቁታል፣ ከምላሳቸው ግን አይነሳም። ከሆስፒታል ሲወጡ ወገቤ እኔ ዘንድ ይሁኑ ብላ ነበር። ነገር ግን ያለችው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ በዚያ ላይ በሳምንት ስድስት ቀን ትሠራለች። ስለዚህ ታናሽ ወንድሟ ቤት ገቡ። እሱ መድኃኒት ቤት አለው፣ ቤቱ ደረጃ የለበትም፣ ሚስቱም ቤት ነው የምትውለው።

የወገቤ ድርሻ እሑድ ሆነ። በየእሑዱ ስትሄድ እናቷን የምታገኛቸው በዚያው ልብስ ነው፤ አበባ አበባ ያለበት ሰፊ የመኝታ ቀሚስ። መጀመሪያ ላይ ይረፉ ብላ ዝም አለች። ወር ሞላ፣ ሦስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ የአበባው ቀለም ለቀቀ፣ ቀሚሱ ግን ያው ነው።

መርፌ ከመስበሯ በፊት በነበረው እሑድ ሁለት እንግዶች መጡ። የቲቸር የድሮ ተማሪዎች ናቸው፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከረባት ያሰሩ ትልልቅ ሰዎች። ቲቸር ገና ከበሩ ሲያዩዋቸው በግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሰዎቹ የተኙ መሰላቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይበላሉ ወይ፣ ሰውስ ይለያሉ ወይ እያሉ ወንድምየውን ጠየቁት። አልፎ አልፎ ይለያሉ አላቸው። ወገቤ ራስጌው ጋ ቆማ የእናቷን ጆሮ ታይ ነበር። ጆሯቸው በርበሬ መስሏል። ሁሉንም ይሰማሉ።

እንግዶቹ እንደወጡ እናቷን ልታለብስ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። መስቀያዎቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል። የወንድሟን ሚስት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ክፋት አልነበረባትም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው የነገረቻት። የሰፈሩ ልብስ አጣቢ ተቸግራ እንደነበር፣ ጉርዶቹ ደግሞ ያለ ሥራ እንደተሰቀሉ፣ ዚፕና ቁልፍ ያለው ልብስ ለእማማ ምንም እንደማይሠራላቸው፣ የመኝታ ቀሚሱ ከላይ ወርወር ስለሚደረግ እንደሚቀል። ወንድምየው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ፣ ሰው እየለፋ ነው፣ መጥተሽ ነገር አትፈልጊ አላት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ይህን ነግራኝ ሳትጨርስ ደወሉ ተደወለ። ምሳዋን እንደያዘች ገባች።

እኔ በሁለት ሦስት ቀን ይበርድላታል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰባት። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ወጥተን ፌርማታ ላይ ስንደርስ ወገቤ ቀጥ ብላ ቆመች። ከፊታችን አንዲት ሴት ጥቁር ሰማያዊ ጉርድ ለብሳ አውቶቡስ ትጠብቃለች።

«የእማዬ ነው» አለችኝ።

በምን አወቅሽው ብላት ጠርዙን እንዳይ ነገረችኝ። እውነትም ጠርዙ ነጣ ባለ ክር በእጅ ተጠቅጥቋል፤ ቲቸር ራሳቸው የጠቀጠቁት ነው። ወገቤ ጥርሷን ነክሳ ወደ ሴትዮዋ ገሰገሰች። እኔም ሰው መሐል ጉድ ልታፈላ ነው ብዬ ከኋላዋ ሮጥኩ። ሴትዮዋ፣ ያቺው ልብስ አጣቢ፣ ዞር ስትልና ወገቤን ስታያት ፊቷ በራ። የወገቤን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ ቲቸር እንዴት ናቸው፣ እግራቸውስ ተንቀሳቀሰ ወይ፣ የእኔን ልጅ ያለ ክፍያ አስጠንተው ለወግ ያበቁልኝ እሳቸው ናቸው፣ ይማርልኝ አለች። ከዚያ ጉርዱን ዳበስ አድርጋ፣ ይህን ከለበስኩ ወዲህ ሰው «እትዬ» ይለኛል አለች። ወገቤ አሜን ብላ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «እሷን እንኳ መስደብ አልቻልኩም» አለች። እስክንወርድ ድረስ የቦርሳዋን ማንገቻ ክር በክር ስትተለትለው ነበር።

ጉርድ ልትሰፋላቸው የወሰነችው ያን ቀን ነው። ዚፕ የሌለው፣ ቁልፍ የሌለው፣ ዙሪያውን ላስቲክ የሆነ፣ በአንድ እጅ ተስቦ የሚወጣ ጉርድ።

ቅዳሜ በግማሽ ቀን ስንለቀቅ አብረን ክርና ቁልፍ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ቀጭኑን ላስቲክ አወጣላት። በሁለት እጇ ሦስት ጊዜ ለጥጣ ለቀቀችውና ክንዷ ላይ አስተኝታ ለካችው፤ ረዝሟል። ሁለት ጊዜ ሲታጠብ የሚሞት ላስቲክ ነው ብላ መለሰችለት። የወሰደችው ሁለት ጣት ስፋት ያለውን፣ ጠንከር ያለውን ነው። ጨርቁ ላይ ብዙ አላሰበችም፤ ወፍራም ቡናማ መረጠች። ለምን ቡናማ አልኳት። ቆሻሻ አያሳይም አለችኝ።

ቤቴ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና አለኝ፣ እዚያ ነው የሰፋነው። ጨርቁን ከዘረጋን በኋላ የእናትሽ ወገብ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኳት። መቀሱን እንደያዘች ቆመች። የማታውቀውን ሰው ወገብ በየቁጥሩ የምትገጥም ሴት፣ የእናቷን ወገብ አታውቀውም። ለክታቸው አታውቅም። በመጨረሻ ድሮ እንደማያቸው ከሆነ ብላ በግምት አንድ ቁጥር ተናገረች፤ ላስቲክ ከወገብ ማጠር ስላለበት ከዚያ ላይ አራት ጣት ቀንሳ ቆረጠች።

የቀረው ለእሷ ጨዋታ ነው። የጨርቁን አናት ከላስቲኩ ትንሽ ሰፋ አድርጋ አጠፈችው፣ ዙሪያውን ሰፋችው፣ ማስገቢያ የሚሆን አራት ጣት ያህል ክፍት ተወች። የላስቲኩ ጫፍ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰካችና በእጥፋቱ ውስጥ እየገፋች፣ ጨርቁን እየሰበሰበች አዞረችው። ሌላኛው ጫፍ ሾልኮ እንዳይገባ እኔ ያዝኩላት። ላስቲኩ እንዳልተጣመመ በጣቷ እየዳበሰች አየች፣ ሁለቱን ጫፍ ደርባ ደጋግማ ሰፋችው፣ ክፍቱን ዘጋችው። ከቁጣዋ ብዛት ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። ወገቡ ሲለቀቅ ተሰብስቦ እንደ ሕፃን ሱሪ ኩምትር አለ። ይህ እየታየኝ አጣጥፌ ሰጠኋት።

በማግሥቱ እሑድ እናቷን ለማንሳት እንዳግዛት አብሬያት ሄድኩ። ቲቸርን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። የክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ዓይናቸው ሰውን ከእግር እስከ ራስ ይለካል። ሁለት ሆነን አነሳናቸው፣ ጉርዱን በእግራቸው አስገብተን ሳብነው። ወገባቸው ላይ ሲደርስ ጠበቀ። ሰባት ወር የተቀመጠ ሰው ሆዱ ድሮ እንደነበረው አይደለም። ላስቲኩ ሥጋው ውስጥ ገባ።

መልሰን አስቀመጥናቸው። ቲቸር ወደ ታች አዩ። በግራ እጃቸው ጣት ላስቲኩን ጎትተው ለቀቁት፤ ጧ አለ።

«የ... ሕፃን» አሉ።

ከዚያ በዚያችው እጅ ጉርዱን ወደ ታች መግፋት ጀመሩ።

ወገቤ ጮኸች። ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም ነበርና እኔም ደነገጥኩ። የወንድሟ ሚስት ከጓዳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አንቺ እኔ የሰፋሁትን አንድ ቀን ለብሰሽ ታውቂያለሽ? የአገሩ ሰው ሁሉ ይለብሰዋል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ያ ሸሚዝ እስከ ዛሬ ከነስፒሉ ነው። አሁን እንኳ፣ ምንም የምትለብሽው ሳይኖር፣ ራቁቴን ልቅር እንጂ የእሷን አልነካም ነው?»

የቲቸር ፊት ቀላ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። በግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ መቱት፣ ደግመው መቱት። እኔ ያመማቸው መስሎኝ ልጠጋቸው ስል በዓይናቸው አቆሙኝ።

«ማን... ጠየቀኝ?»

ጣታቸውን አነሱና በሩ ላይ ወደቆመችው አቀኑ።

«ልብሴን... ስትሰጪ። ማን ጠየቀኝ?» ጣቱ ወደ ልጃቸው ዞረ። «ይሄን... ስትሰፊ። ማን ጠየቀኝ?»

ከወደቁ ወዲህ እንዲህ ረዥም ነገር ተናግረው አያውቁም፤ ወገቤ በኋላ ነው የነገረችኝ። የወንድሟ ሚስት እጇን በሽርጧ ጠራረገች። አሁን አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የባሰባት ኖሯል።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች። «እማማ፣ እርስዎን ማስታመም አልጠላሁም። ግን በቀን ሦስት ጊዜ አንሶላ የምቀይር እኔ፣ ገላ የማጥብ እኔ፣ የማነሳ እኔ። ወገቤ ተቆርጧል። ልጅዎ እሑድ እሑድ መጥታ ፊቷን አጥቁራብኝ ትሄዳለች፤ ልጅዎ ደግሞ» ብላ ወደ ባሏ ዞረች፣ «ቴሌቪዥን ያያል።»

እኔ ሞኟ «ወገቤ» ስትል የጓደኛዬን ስም የጠራች መስሎኝ ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ያን ዕለት ሳቄ የመጣብኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ ዋጥኩት። ወንድምየው ተነሳ፣ መድኃኒት ቤቱን አይቼ ልምጣ አለ፣ ጃኬቱን ይዞ ወጣ። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት የተቆጡ ሴቶችና አንዲት ዚፕ ቀረን።

ወገቤ ከቦርሳዋ ሜትሯን አወጣችና እናቷ እግር ሥር በርከክ አለች። ድምፅዋ አሁንም እንደተቆጣ ነው።

«እሺ። ይኸው ጠየቅኩሽ። ምን ዓይነት ትፈልጊያለሽ?»

ቲቸር ከሜትሩ ጋር የወጣውን የስፌት ጠመኔ አዩና እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠቻቸው። በግራ እጃቸው ነው፣ አያያዛቸው ግን የመምህር ነው። ቡናማው ጉርድ ላይ፣ ወገቡ ጋ፣ ጎንና ጎናቸው ላይ አንዳንድ መስመር አሰመሩ። በሁለቱ መስመሮች መሐል፣ ሆዳቸው ላይ፣ ትልቅ ኤክስ አደረጉ።

«ፊቱ... ልሙጥ። ላስቲክ ከኋላ።»

ወገቤ ይሄማ ሁለት ሥራ ነው አለች። ቲቸር እንዳልሰሙ ሆነው ቀጠሉ። ኪስ፣ በግራ በኩል። ርዝመቱ እዚህ ድረስ ብለው ቅልጥማቸው ላይ አሰመሩ፤ ጠመኔው ቆዳቸው ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ቡናማውን በጣታቸው ቆንጥረው ፊታቸውን አጨማደዱ፣ «ግራጫ» አሉ። ወገቤ የነገሯትን ሁሉ በወረቀት ጻፈች። ከዚያ ሜትሩን አዙራ ወገባቸውን ለካች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሁለተኛው ጉርድ ሁለት ሳምንት ወሰደ። በየማታው እየመጣች አትሠራም፣ ቅዳሜና ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ሲበላሽባት ደግሞ ትፈታዋለች። ፊት ለፊቱ ቀጥ ያለ ወገብ ነው፣ እንዳይታጠፍ ማጠንከሪያ ጨርቅ ውስጡ የገባበት። ከጎን ስፌት እስከ ጎን ስፌት፣ በጀርባ በኩል፣ ላስቲኩ ይገባል። ችግሩ መገናኛው ነው። ልሙጡና ኩምትሩ ጎን ላይ ሲገናኙ ጨርቁ ይነፋል፤ ሆድ ያወጣ ይመስላል። ሁለት ጊዜ ፈታችው። እየፈታች ወንድሟን ትረግማለች፣ እየሰፋች የወንድሟን ሚስት ታማለች፣ ክር ሲበጠስባት እናቷ ላይ ትመጣለች። እኔ አዎ አዎ እላለሁ። ሦስተኛው ላይ ላስቲኩን ከጎን ስፌቱ አንድ ጣት አሳልፋ ልሙጡ ሥር ደብቃ አሰረችው፤ ተኛላት። እንዳይንሸራተትና እንዳይጣመም መሐሉን አንድ መስመር ከላይ ሰፋችበት። በመጨረሻ ቲቸር ያላዘዙትን አንድ ነገር ጨመረች። ከውስጥ፣ በግራና በቀኝ፣ ከዚያው ጨርቅ አውራ ጣት የምታስገባ ማንጠልጠያ ሰፋች። አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው እሷን ይዞ ይስባል፤ ከውጭ ግን አይታይም።

ወስደን ስንሰጣቸው ቲቸር ከማየታቸው በፊት ገለበጡት። ውስጡን ነው ያዩት። ጣታቸውን በስፌቱ ላይ እየነዱ ዞሩት፤ የተማሪ ደብተር የሚያርሙ ነው የሚመስሉት። ማንጠልጠያዎቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጣታቸውን አስገቡ፣ አወጡ። ውጡልኝ ብለው በእጃቸው አመለከቱ፤ ወገቤ አልወጣም አለች። እሺ፣ ግን እንዳትነኪኝ ዓይነት ነገር አሉ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነው የለበሱት። መጀመሪያ የማይታዘዘውን እግር በግራ እጃቸው አንስተው አስገቡ፤ አምልጧቸው ወደቀ፣ እንደገና አነሱት። ቀጥሎ ደህናውን። ጉልበታቸው ላይ ካደረሱት በኋላ ቁም ሣጥኑን ተደግፈው ቆሙ። በግራ በኩል ያለውን ማንጠልጠያ ይዘው ሳቡ፣ ያ ጎን ወጣ፤ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አሻግረው የቀኙን ሳቡ። ወገቤ ልታግዝ እጇን ስትዘረጋ መቱት። ሁለተኛ ስትዘረጋም መቱት፣ አሁን አጥብቀው። ላብ ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው ወረደ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ የወንድሟ ሚስት ሁለት ጊዜ በበሩ አጮልቃ አይታ ተመልሳለች። በመጨረሻ ጉርዱ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ግራጫ፣ ልሙጥ። መስተዋቱ ፊት ቆሙ።

«ጠርዙ... ጠማማ ነው» አሉ።

«ጠማማው አቋቋምሽ ነው እንጂ ጉርዱ አይደለም» አለች ወገቤ። አፏ እየተናገረ ዓይኗ ሞልቷል፤ እሱንም በንዴት ጠረገችው።

የቲቸር ግማሽ ፊት ሳቀ። ግማሹ አይችልም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ነበራቸው። ወገቤ ከአለቃችን ጋር ተጨቃጭቃ ፈቃድ ወሰደችና ራሷ ይዛቸው ሄደች። እስከዚያ ድረስ የሚሄዱት የመኝታ ቀሚሱ ላይ ጋቢ ደርበው ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሥራውን ይችላል፣ ግን የሚያወራው ሁልጊዜ ካመጣቸው ሰው ጋር ነው። ያን ቀንም እግራቸውን እያጠፈ ወደ ወገቤ ቀና ብሎ ያማቸዋል ወይ አላት። ወገቤ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቲቸር የሐኪሙን እጅ ያዙት።

«እኔን... ጠይቀኝ።»

ልጁ ቀላ፤ በርጩማ ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና «ይቅርታ እናቴ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አላቸው። ወገቤ ይህን ስትነግረኝ ጉርዱ ያደረገው ነው አለች። እኔ ጉርዱ ብቻ አይመስለኝም። እኚህ ሴት ያን ዕለት ወንበሩን ሲመቱ ቁጣቸውን መልሰው አግኝተውታል፤ ቁጣ ያለው ሰው ደግሞ በላዩ ላይ ተወርቶ አይታለፍም።

እዚህ ላይ ሁሉም ታረቀ ብል ደስ ባለኝ። አልታረቀም። ቲቸር ቃል በቃል እየለቀሙ መናገር ሲችሉ የመጀመሪያው ትልቅ ነገራቸው ለወንድምየው ነበር። ሚስትህ ደክማለች፣ በሳምንት ሦስት ቀን የሚያግዛት ሰው ይምጣ፣ አንሶላውን አንተም ቀይር አሉት። ወገቤ ጉርዶቹን አስመልሱልኝ ይላሉ ብላ ነበር። እነሱ ልብስ አጣቢዋ ዘንድ ይቆዩ፣ ያምሩባታል አሉ። ያኔ ወገቤ እንደገና ጨሰች። ፋብሪካ መጥታ፣ «ልብሷን አውጥታ የሰጠችባትን ሴት ደግፋ ትናገራለች፤ እኔን ደግሞ በእሑድ ቀን ብቻ አትኩራሪብን ትለኛለች» አለችኝ። እኔ ቲቸር ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ለወገቤ ግን አልነገርኳትም፤ ከእሷ ቀጥሎ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ።

ከወንድሟ ሚስት ጋር አሁንም ሰላምታ ብቻ ነው። ከወንድሟ ጋር ሰላምታም የለም። አንድ ቀን ፋብሪካው በር ላይ ጠብቋት ነበር። ጨዋታውን በፈገግታ ጀምሮ፣ እማዬ አሁን በየቀኑ ደጅ አውጡኝ ማለት አብዝታለች፣ ቤቱን አንድ ክፍል ተማሪ አድርጋዋለች፣ አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሻት አላት። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ አውቶቡሷን ተሳፈረች። እኔም ታረቂው አልላትም። ሰባት ወር ሙሉ እናቱ ባዶ ቁም ሣጥን አጠገብ ተኝተው ሳለ ቴሌቪዥን ላየ ሰው ምን ብዬ እማልዳለሁ?

ቲቸር አሁን አምስተኛው ጉርድ ላይ ናቸው። ሁሉም ከኋላ ብቻ ላስቲክ ያለው፣ ሁሉም በጠብ የተሰፋ። እንዲህ ነው ደስ የሚለኝ ብለው አያውቁም፣ ተባረኪም ብለዋት አያውቁም። ባለፈው እሑድ ሄጄ ነበር። በምርኩዝ ከበሩ እስከ አጥሩ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ወገቤ ለመለካት እግራቸው ሥር ተንበርክካለች፤ እሳቸው ጠርዙ ሁለት ጣት ይውረድ ይላሉ፣ እሷ ረግጠሽው ትወድቂያለሽ ትላለች። ወድቄ አውቃለሁ፣ መውደቅ አታስተምሪኝ አሏት። ሜትሩን ሁለቱም በየጫፉ ይዘውታል፤ ማንም አለቀቀም። ሻዬን ጨረስኩና እዚያው እንደተያያዙ ትቻቸው ወጣሁ።